ከከተማዋ ዳርቻ የተነሣ ዜማ፦ ሃጫሉ ሁንዴሳና የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መሬት

ሃጫሉ ሁንዴሳን አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ የሚያውቀው በሁለት ቀኖች ነው። አንደኛው በ2010 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ ባለሥልጣናት ፊት መድረክ ላይ ወጥቶ የዘፈነበት ነው። ሁለተኛው ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት የተገደለበት ነው። የቀረው ታሪኩ ተቆራርጦ ነው የደረሰን፤ እስር ቤት ውስጥ ስለ ተደረሰ አልበም፣ ስለ መፈናቀል ስለ ተዘፈነ አንድ ነጠላ ዜማ፣ ከሞቱ በኋላ ስለ ወጣ ሥራው በየአጋጣሚው የሰማነው ነው።

ቁርጥራጮቹን የሚያያይዛቸው መሬት ነው፤ በተለይም አዲስ አበባን የከበቡት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መሬት። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። የሃጫሉን ዜማዎች ከእነዚህ ከተሞች ታሪክ ለይቶ መስማት ይቻላል፤ መረዳት ግን ያስቸግራል። የከተሞቹን ታሪክም ቢሆን ሰው ከኖረበት ሲነቀል ምን እንደሚያጣ ካልጠየቅን በወረቀት ላይ ያለ የድንበርና የካርታ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀርብናል።

ከ1879 እስከ 1950ዎቹ፦ ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ፍልውኃና አካባቢው ሰው አልባ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች፣ ጉለሌ፣ ገላን፣ አቢቹና ሌሎችም፣ ከብት የሚያረቡበትና የሚያርሱበት አገር ነበር። የአንዳንዶቹ ስም ዛሬም በክፍለ ከተማና በሰፈር ስም ይጠራል። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወርዶ ሲረጋ መኳንንቱና ወታደሩ በየሰፈሩ ርስትና ጉልት ተሰጣቸው፤ ነባሩ ባላገር ደግሞ አንዳንዱ ጭሰኛ ሆነ፣ አንዳንዱ እየሸሸ ወደ ዳር ወጣ።

ከተማዋ ስትሰፋ ፍላጎቷም አብሯት ሰፋ። የቧንቧ ውኃ ሲያሻት ከቡራዩ አለፍ ብሎ ያለው የገፈርሳ ወንዝ በ1930ዎቹ ተገድቦ ወደ ከተማ ወረደ። የመሠረትና የግንብ ድንጋይ ስትፈልግ ከቡራዩ ካባዎች ተፈልጦ በጭነት መኪና መጣ። ከሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ወተትና ድርቆሽ ይመጣላታል። ያ ሜዳ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ከመስከረም በኋላ ሣሩ ያድጋል፤ ታጭዶ ይደርቅና በመኪና ተጭኖ ለከተማው ላሞች ይሸጣል። ሰበታ ላይ በ1950ዎቹ የሜታ ቢራ ፋብሪካ ተመሠረተ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተከፈተው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤትም ከተማዋን በመላ አገሪቱ አስጠራት።

በእነዚያ ዓመታት የዳርቻው ገበሬና ከተማዋ የሚገናኙት በገበያ ነበር። እንጨቱን፣ ወተቱን፣ ሣሩን ይዞ ይገባል፤ ሸጦ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመለሳል። ከተማዋ ምርቱን ትወስዳለች እንጂ ማሳው ድረስ ገና አልደረሰችም።

ከ1955 እስከ 1966፦ ከድሬዳዋ የመጣው ልጅ

በንጉሡ ዘመን አፋን ኦሮሞ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤትም ሆነ በኅትመት ቦታ የተነፈገው ቋንቋ ነበር። ያም ሆኖ በ1950ዎቹ አጋማሽ ድሬዳዋ ላይ ወጣቶች አፍራን ቀሎ የሚባል የባህል ቡድን አቋቁመው በሠርግና በበዓል በኦሮምኛ ይዘፍኑ ጀመር። ቡድኑን ገና ልጅ ሳለ ከተቀላቀሉት አንዱ አሊ መሐመድ ሙሳ ይባላል። የመጀመሪያ ዘፈኑ ስም ሆኖት ቀረ፤ አገር የሚያውቀው አሊ ቢራ ብሎ ነው።

መንግሥት ቡድኑን በበጎ ዓይን አላየውም። አፍራን ቀሎ ሲበተን አሊ አዲስ አበባ ገባና በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በዘመናዊው ኦርኬስትራ ስማቸውን የተከሉበት ቤት ነው። አሊ ዑድም ጊታርም ይጫወት ነበር፤ የምሥራቁን የዐረብና የሱዳን ቅላጼ ከአዲስ አበባው የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ጋር አዋሐደ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሥራው በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም ተብሎ ይጠቀሳል።

በዚያው ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም.፣ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሠረተ። ስሙን ያገኘው ከሁለቱ የኦሮሞ ቅርንጫፎች ሲሆን፣ ቱለማ የምንለው የአዲስ አበባ ዙሪያ ሕዝብ ነው። ማኅበሩ መንገድና ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክም እያለ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ጄኔራል ታደሰ ብሩ ከገቡበት ወዲህ ስብሰባው የብዙ ሺህ ሰው ሆነ፤ ቤተ መንግሥቱም ሠጋ። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ታገደ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከእነርሱም ማሞ መዘምር በሞት ተቀጣ። የመሬት ብሶት፣ የቋንቋ ጥያቄና ዘፈን አንድ ላይ መጓዝ የጀመሩት በእነዚህ ዓመታት ነው። ኋላ ሃጫሉ የሚወርሰው ይህንን ነው።

ከ1967 እስከ 1983፦ መሬቱ የመንግሥት ሲሆን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ለሰበታና ለሱሉልታ ገበሬ ትልቅ ቀን ነበር፤ ለባለርስት ሲያካፍል የኖረው ምርት የራሱ ሆነ። የመሬቱ ባለቤት ግን መንግሥት ሆነ። ያን ጊዜ ይህ ለብዙዎች ትርጉም አልሰጠም፤ ማን መጥቶ ይወስድብናል ብሎ የሠጋ ጥቂት ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ግን ከተማዋ ስትመጣ የገበሬውን እጅ ያሠረው ይኸው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው።

በደርግ ዘመን የኦሮምኛ ዘፈን በሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ሳንሱሩ ግን ጥብቅ ነበር። ዘፋኞች ስለ አገር የሚሉትን በፍቅር ቃል ሸፍነው ይሉ ጀመር። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ የአማርኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አሊ ቢራም በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአገር ወጣ፤ ረጅም ዓመታት በስደት ኖሮ እየተመላለሰ ዘፈነ። በካሴት የተቀዳው ድምፁ ከሐረርጌ እስከ ወለጋ በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ይሰማ ስለነበር በሥጋ ባይኖርም በዜማ አልተለየም።

ከ1983 እስከ 1995፦ የተከፈተ በር፣ የታሠረ ድምፅ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አፋን ኦሮሞ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ይጻፍ፣ በትምህርት ቤትም ይሰጥ ጀመር። ሃጫሉ ሁንዴሳ በ1970ዎቹ መጨረሻ አምቦ ተወልዶ ያደገ፣ ልጅነቱን ከብት በመጠበቅ ያሳለፈ ልጅ ነው። በገዛ ቋንቋው የተማረው ትውልድ እሱና እኩዮቹ ናቸው።

የተከፈተው በር ግን ለሁሉም ነገር አልተከፈተም። ወጣቱ ዘፋኝ ኤቢሳ አዱኛ በ1988 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ፤ ግድያውን ዓለም አቀፍ የመብት ድርጅቶች የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ሥራ ነው ብለው ከሰሱ። ለኋለኞቹ ድምፃውያን ይህ ሞት ማስጠንቀቂያም ስንቅም ሆነ።

የአዲስ አበባ ጉዳይም በዚህ ዘመን ተካረረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት አስፍሯል፤ ዝርዝሩን የሚወስን ሕግ ግን አልወጣም። የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ሲወሰን ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። በምርጫ ማግሥት በ1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጥያቄው ግን ከቢሮ አድራሻ ያለፈ መሆኑን ሁሉም አውቆታል።

ከ1995 እስከ 2001፦ ከርቸሌ የተማረው

ሃጫሉ በ1995 ዓ.ም. ገደማ የ17 ዓመት ተማሪ ሳለ በፖለቲካ ተሳትፎ ተይዞ አምቦ እስር ቤት ገባ። አምስት ዓመት ቆየ። ሌላው ልጅ ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ዕድሜ እሱ ከርቸሌ ነበር።

ሃጫሉ በኋላ ለቢቢሲ እንደተናገረው፣ ከመታሰሩ በፊት ግጥምና ዜማ መሥራት አያውቅም ነበር፤ የተማረው እዚያው ነው። ለመጀመሪያ አልበሙ የሚሆኑትን አብዛኞቹን ዘፈኖችም የደረሰው በእስር ላይ ሳለ ነው። ቀረጻ በሌለበት፣ ባንድ በሌለበት የተሠራ ዜማ በሰው ጭንቅላትና በአብሮ ታሳሪ ጆሮ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ቀላል ሐረግ፣ የሚደጋገም ዜማ፣ በእጅ ጭብጨባ የሚያዝ ምት ይፈልጋል። የሃጫሉ ሥራዎች አንዴ ከተሰሙ ከአፍ የማይጠፉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከእስር የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። “ሰኚ ሞቲ” የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጌራርሳ የተባለውን የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር አጣምሮ ያወጣዋል። ጌራርሳ ገዳይ ወይም ጀግና ራሱን የሚያወድስበት፣ የተበደለም በደሉን የሚቆጥርበት ነው፤ በአማርኛ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር የሚዛመድ የአዋጅ ዜማ ነው። ሃጫሉ ይህን የአደባባይ ዜማ በካሴትና በሲዲ አድርጎ ወደ ወጣቱ ጆሮ መለሰው።

ከ1997 እስከ 2006፦ ካሳውና ቀሪው

ሃጫሉ እስር ቤት ሳለ ከተማዋ ገበሬው ማሳ ደረሰች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአበባ እርሻዎች በሰበታ፣ በሆለታና በሱሉልታ መስፋፋት ጀመሩ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ ሪል እስቴትና ኮንዶሚኒየምም መጣ። በ2000 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞንን አቋቋመ፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ዱከም በሥሩ ሆኑ።

ገበሬው የሚነሣው በሕግ ነው። ሕጉ ያን ጊዜ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ነበር። አሠራሩን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ኋላ የምንደርስበት የ“ማላን ጅራ” ዘፈን ጭብጥ ያለው እዚህ ነውና። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈልም። የሚከፈለው በላዩ ላይ ላለው ንብረት ነው፤ ለቤቱ፣ ለባሕር ዛፉ፣ ለአጥሩ። ለእርሻው ደግሞ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው ተሰልቶ በአሥር ይባዛ ነበር። ከዚያ በኋላ ያው መሬት ለአልሚ በሊዝ ይተላለፋል፤ ዋጋውም ገበሬው ከተቀበለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ሲታይ አሥር ዓመት ያኖራል። በኑሮ ግን እንዲህ አይሆንም። ገንዘብ በባንክ አስቀምጦ የማያውቅ ቤተሰብ ካሳውን በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ቤት ይሠራበታል፣ ልጅ ይድርበታል፣ የተረፈውን የኑሮ ውድነቱ ይጨርሰዋል። ስሌቱ የጋራ የግጦሽ ሜዳውን፣ የምንጩን ውኃና ለልጅ የሚተላለፈውን ድርሻ አይቆጥርም። ብዙ ጊዜ የተነገረው የዚያ ገበሬ መጨረሻ በቀድሞ ማሳው ላይ በቆመው ፋብሪካ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ መሆን ነው። ከየክልሉ ሥራ ፍለጋ የመጣው ደሀ ደግሞ ከገበሬው በደላላ በኩል ቁራሽ መሬት ገዝቶ “ጨረቃ ቤት” ይሠራል፤ እሱም ካርታ የለውም፣ እሱም በማንኛውም ቀን ሊፈርስበት ይችላል። ሁለቱ ተፈናቃዮች ጎን ለጎን ሲኖሩ አንዱ ሌላውን እንደ ወራሪ እንዲያይ ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ሃጫሉ ሁለተኛ አልበሙን ያዘጋጅ ነበር። “ዋኤ ኬኛ” እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፤ በአሜሪካ ጉዞው በስደት ያለው ኦሮሞ ተቀበለው፤ በአማዞን ገበያም ከአፍሪካ ሙዚቃ በሽያጭ ቀዳሚ ሆኖ ነበር። የሕዝብ ጉዳይን አልበም ማድረግ በአገራችን አዲስ አይደለም። በአማርኛም የቴዲ አፍሮ “ያስተሠርያል” በ1997ቱ ምርጫ ዘመን ይህንኑ ሚና ተጫውቷል። ሁለቱ ድምፃውያን ስለ አገሪቱ ታሪክ ያላቸው አመለካከት የተራራቀ ነበር፤ ሕዝብ ግን ሁለቱንም ጋዜጣ በማይጽፈው ጊዜ ሰምቷቸዋል።

ከ2006 እስከ 2008፦ ማስተር ፕላኑና “ማላን ጅራ”

በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያው ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ለውይይት ሲቀርብ የተጠራቀመው ብሶት መልክ አገኘ። አዘጋጆቹ መንገዱን፣ ውኃውን፣ ቆሻሻውንና ኢንዱስትሪውን በአንድነት ማቀድ ያስፈልጋል አሉ፤ እንደ ከተማ ፕላን የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። ገበሬው ግን እስከዚያ ድረስ ያየው ልማት ማንሣት ብቻ ስለነበር ፕላኑን የሰማው እንደ ትልቅ የመነሣት ትእዛዝ ነው። በሚያዝያ ተማሪዎች ተቃወሙ፤ አምቦ ውስጥ ሰዎች ተገደሉ።

“ማላን ጅራ” የወጣው በዚህና በሚቀጥለው ማዕበል መካከል፣ በ2007 ዓ.ም. ነው። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ አይጮኽም፣ አይፎክርም። ላዩ ስለ መለየትና ስለ ናፍቆት ነው። ውስጡ ግን ጉለሌንና ገላንን የመሰሉ የአዲስ አበባ ዙሪያ ነባር ስሞችን እየጠራ የጠፋ መኖሪያን ያስባል። ወቀሳ በቀጥታ የሚሰነዝርበት ባለሥልጣን የለም፤ የሚጠይቀው ስለ ራሱ መኖር ነው። ኃይሉም እዚህ ነው። ካሳ የተቀበለ ገበሬ በየቢሮው ሲመላለስ ለማስረዳት ያቃተውን ሐዘን ዘፈኑ አስረዳለት።

በደቡብ አፍሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1955 የአፓርታይድ መንግሥት የጆሃንስበርጓን ሶፊያታውን ሰፈር ማፍረስ ሲጀምር ነዋሪው ወደ ሜዶውላንድስ ተጋዘ። ስትራይክ ቪላካዚ የደረሰው “ሜዶውላንድስ” ዘፈን ደስ የሚል ዜማ ስለነበረው መንግሥት ውዳሴ መስሎት ነበር፤ ተፈናቃዩ ግን ምን እንደሚል ያውቃል። ሰው ሲነቀል ዘፈን ምስክር ሆኖ የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጊንጪ አንድ የኳስ ሜዳና ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ተብሎ ተቃውሞ ተነሣ፤ በሳምንታት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ። “ማላን ጅራ” በየሰልፉ፣ በየስልኩ፣ በየታክሲው ይሰማ ጀመር። ጥር ላይ የክልሉ ገዢ ፓርቲ ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑን መሰረዙን አስታወቀ። የአገሪቱ ገዢ ግንባር ኢሕአዴግ በሥልጣን ዘመኑ እንዲህ ያለ ትልቅ ዕቅድ በሕዝብ ግፊት ሲሰርዝ ማየት ብርቅ ነበር።

2009 እና 2010፦ ከቢሾፍቱ እስከ ሚሌኒየም አዳራሽ

ፕላኑ ተሰርዞም ተቃውሞው አልበረደም፤ የሞቱት ነበሩ፣ የታሰሩት ነበሩ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲረጋገጥ ብዙ ሰው አለቀ። በቀጣዮቹ ቀናት ቁጣው ወደ ፋብሪካዎች ዞረ፤ ሰበታ ውስጥ ፋብሪካዎችና ተሽከርካሪዎች ተቃጠሉ። በተቃጠሉት ፋብሪካዎች የሚሠሩትም የዚያው አካባቢ ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ሳምንት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

በዓመቱ ሃጫሉ “ጅራ”ን አወጣ። “ማላን ጅራ” ሐዘን ከሆነ “ጅራ” ልበ ሙሉነት ነው። በ2010 መጀመሪያ ወራት ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ኦሮሞዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚሌኒየም አዳራሽ ዝግጅት ተደረገ። የኦሕዴድ መሪዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዝግጅቱ በክልሉ ቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። ሃጫሉ በጌራርሳ መሪዎቹን ቆርጠው እንዲነሡ ወተወታቸው። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀ መድረክ በደቂቃዎች ውስጥ የፖለቲካ አደባባይ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 2010፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ መጋቢት 24 ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ለውጡን ያመጣው ዘፈን ነው ማለት የሞቱትን ሰዎች መዘንጋት ይሆናል። ዘፈኑ ያደረገው የተበታተነውን ብሶት በአንድ ዜማ ማገናኘት ነው።

2011፦ ጥያቄው ፊቱን ሲያዞር

ከድል በኋላ ያለው ዓመት የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ነው። በመስከረም 2011 በቡራዩ፣ በአሸዋ ሜዳና በአካባቢው የጋሞና የሌሎች ብሔረሰቦች ተወላጆች ተጠቁ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፣ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ በሽመና የሚተዳደሩ ነበሩ፤ የሸማ ዕቃቸውን እንኳ ሳይዙ ወጡ። አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። በዚያ ወር በአገሪቱ ከታየው ሁሉ ታላቁ ተግባር ይህ ነበር።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ለገጣፎ ውስጥ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች በጅምላ ፈረሱ፤ ነፍሰ ጡርና አራስ ሳይቀር ሜዳ ላይ ወጣ። በተመሳሳይ ሳምንታት የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ደግሞ መሬቱ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ልጆች ተቃወሙ። ዕጣው የደረሰው ዓመታት የቆጠበ የከተማ ደሀ ነው፤ የተነሣው ገበሬም ደሀ ነው። “ማላን ጅራ” የጠየቀውን ጥያቄ አሁን ብዙ ዓይነት ሰው መጠየቅ ጀመረ። የሚያሳዝነው አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ሁሉም ለየብቻው መጠየቁ ነው።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የቀድሞውን የካሳ ሕግ ተካ፤ የአሥር ዓመቱ ስሌት ወደ 15 ዓመት ከፍ አለ፤ ተነሺዎችን መልሶ የማቋቋም ግዴታም ተጻፈበት። መሬቱ ራሱ ግን አሁንም ዋጋ አይተመንለትም።

ሰኔ 2012፦ ቡራዩ መንገድ ላይ

ሰኔ 22 ሃጫሉ ተገደለ። ከቀናት በፊት ለኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ስለ አፄ ምኒልክና ስለ ሐውልታቸው የተናገረው ብርቱ ቁጣና ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ሕይወቱን የሚያሠጋ ዛቻ እንደሚደርሰውም ተናግሮ ነበር።

በማግሥቱ አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማው አምቦ ጉዞ ጀመረ። ቡራዩ ላይ ቆመ። ቀብሩ አዲስ አበባ መሆን አለበት የሚሉ ሰዎች ሽኝቱን መልሰው ወደ ከተማ አዞሩት፤ ግጭት ተነሣ፤ በመጨረሻ አስከሬኑ በሄሊኮፕተር አምቦ ደርሶ ሰኔ 25 ተቀበረ። ገበሬ ወተት ጭኖ የሚገባበት፣ የገፈርሳ ውኃ የሚወርድበት፣ ድንጋዩ የሚጫንበት መንገድ ያን ቀን የአንድ ሰው አስከሬን የማን ነው ተብሎ የተጣሉበት ሆነ። የአዲስ አበባ ጥያቄ በዚያ መንገድ ላይ በሬሳ ሣጥን ዙሪያ ቆሞ ታየ።

ከዚያ የመጣው ሐዘንን በሐዘን ላይ የጨመረ ነው። በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ፤ ቤትና ንግዳቸው ተቃጠለ። በጸጥታ ኃይሎች የተገደሉም ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመረመራቸው አካባቢዎች 123 ሰዎች መሞታቸውን መዘገበ። ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ፤ የፖለቲካ መሪዎች ታሰሩ። ስለ መፈናቀል የዘፈነ ሰው ሞቶ በስሙ ሌሎች ተፈናቀሉ። የሟቹን ሥራ የሚያከብር ሰው ይህን ሳያወላውል መናገር ይገባዋል፤ የእሱ ዘፈን ሰውን ከቤቱ ማስወጣትን ስለ ከሰሰ በዚያ ስም የተደረገን ማፈናቀል ሁሉ አብሮ ይከሳል።

ከ2013 ወዲህ፦ “ማል መሊሳ” እና ሸገር ከተማ

ሃጫሉ ሲሞት ሦስተኛ አልበሙን እያዘጋጀ ነበር። ቤተሰቡና የሙያ ባልደረቦቹ ሥራውን አጠናቀቁት፤ “ማል መሊሳ” በሙት ዓመቱ፣ ሰኔ 2013፣ ወጣ። አድማጩ በታላቅ ስሜት ተቀበለው። ሦስቱ አልበሞች አንድ ላይ ሲሰሙ የአንድ ትውልድ መንገድ ይታያል፤ ከርቸሌ፣ አደባባይ፣ መቃብር። አሊ ቢራም ጥቅምት 2015 ላይ አዳማ ውስጥ አርፎ በትውልድ ከተማው ድሬዳዋ ተቀበረ። የጀመረውና ያደረሰው ትውልድ በሁለት ዓመት ከምናምን ልዩነት ሄዱ።

በ2015 ዓ.ም. ኦሮሚያ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ጨምሮ የዙሪያውን ከተሞች አዋሕዶ 12 ክፍለ ከተሞች ያሉት ሸገር ከተማን መሠረተ። ክልሉ የዙሪያውን መሬት በራሱ እጅ ማቀዱ በ2006 ከቀረበው ፕላን የተለየ መነሻ አለው። አፈጻጸሙ ግን ወዲያው ቤት ማፍረስን ይዞ መጣ። ጨረቃ ቤቶች ፈረሱ፤ መስጊዶች ሲፈርሱ ደግሞ በግንቦት 2015 አዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ። አፍራሹ አካል ቢለወጥም ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚያጣው ነገር አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሃጫሉን የአንድ ወገን ዓርማ አድርጎ መያዝ ቀላል ነው፤ የሚወዱትም የሚጠሉትም ይህንኑ አድርገዋል። ሥራው ግን ከዓርማነት የበለጠ ነገር ይጠይቃል። ሰው ከመነሣቱ በፊት ይጠየቅ ዘንድ፣ ካሳው ለጊዜው ብቻ ሳይሆን ለልጁም የሚሆን ይሆን ዘንድ፣ ከማሳው ላይ ከሚቆመው ነገር ድርሻ ይኖረው ዘንድ፣ ተከራዩም ሸማኔውም የቀን ሠራተኛውም በአንድ ሌሊት ሜዳ ላይ እንዳይወጣ። እነዚህ በሕግና በበጀት የሚመለሱ፣ ለሰበታ ገበሬም ለቡራዩ ሸማኔም እኩል የሚሠሩ ጥያቄዎች ናቸው። አፋን ኦሮሞ የማይሰማ አንባቢ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛ አጠገቡ አስቀምጦ “ማላን ጅራ”ን ቢሰማ መልካም ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ከዳርቻው ውኃ ጠጥቷል፤ የዳርቻውን ሰው መስማት ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው።